ፕሮግራም መጫን ወይስ ኮፒ አድርጎ መጠቀም? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ባለው የጽሕፈትና የኮምፒውተር ጥገና ቤታችን በየቀኑ ከምንጠየቀው የተሰበሰበ ነው፤ መልሶቹ ዊንዶውስ ለሚጠቀሙ ናቸው።

ፕሮግራም «ተጫነ» ሲባል ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን ተደረገ ማለት ነው?

ሴትአፑን ከፍተው «ኔክስት፣ ኔክስት» እያሉ ሲያልፉ የፕሮግራሙ ፋይሎች አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጡም። ዋናው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ሲ ድራይቭ ላይ ፕሮግራም ፋይልስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ይገባል። የእርስዎ ምርጫና ማስተካከያ ደግሞ በስምዎ በተከፈተው ቦታ፣ አፕዳታ በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ላይ ስሙን፣ ያለበትን ቦታና የሚከፍታቸውን የፋይል ዓይነቶች ያስመዘግባል። ፒዲኤፍ ሁለት ጊዜ ሲነኩ ማንበቢያው ራሱ የሚከፈተው ይህ ምዝገባ ስላለ ነው።

የተጫነ ፕሮግራም ሥር እንደሰደደ ዛፍ ነው፤ ግንዱን ብቻ ቆርጠው ሌላ ቦታ ቢተክሉት አይጸድቅም። ሲያጠፉትም ፎልደሩን ወይም ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ምልክት መሰረዝ አይበቃም፤ ሴቲንግስ ውስጥ «አፕስ» ገብተው «አንኢንስቶል» ማለት ያስፈልጋል።

ፖርተብል የሚባለውስ?

የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ፎልደር ይዞ የሚዞር ፕሮግራም ነው። አገልግል በሉት፤ እንጀራውም ወጡም አብሮ ታስሯል፣ የደረሱበት ቦታ ፈትቶ መብላት ነው። ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ኮፒ ያደርጋሉ፣ ያገኙት ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ይሠራሉ፣ ሲጨርሱ ነቅለው ይሄዳሉ። ማስተካከያዎም እዚያው ፎልደሩ ውስጥ አብሮዎት ይሄዳል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን አብዛኛው ፕሮግራም ከዲስኬት ወደ ዲስኬት ተገልብጦ የሚሠራ ነበር። በዊንዶውስ ላይ ዳግመኛ የተለመደው ፍላሽ ሲስፋፋ ነው፤ ጆን ሃለር የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2004 ፋየርፎክስን ከፍላሽ እንዲሠራ አድርጎ አዘጋጀ፣ ያም ሥራ እያደገ ዛሬ ፖርተብልአፕስ ዶት ኮም የሚባለው ድረ ገጽ ሆነ። እኛም በብዛት የምናወርደው ከዚያ ነው።

ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ምልክት ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጌ ወሰድኩት፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አልከፍት አለ። ለምን?

የወሰዱት ፕሮግራሙን ሳይሆን ሾርትከቱን ነው። ሾርትከት የቤት አድራሻ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ናት፤ ወረቀቷን ይዘው መሐል ሜዳ ቢወርዱ ቤቱ ተከትሎ አይመጣም። ምልክቱ ላይ በቀኝ ነክተው «ፕሮፐርቲስ» ቢሉ መጠኑ ሁለትና ሦስት ኪሎባይት ብቻ መሆኑን ያያሉ። ከጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ቀስትም ምልክቱ ሾርትከት መሆኑን ትናገራለች።

እሺ፣ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ያለውን ሙሉ ፎልደር ብወስደውስ?

አንዳንዱ ይሠራል፣ አብዛኛው አይሠራም። ቀላል ፕሮግራም ከሆነ ሊከፈት ይችላል። ማይክሮሶፍት ኦፊስን ግን እንዲህ ወስዶ የተሳካለት ሰው አላየሁም፤ ፈቃዱም፣ አጋዥ ፋይሎቹም፣ ምዝገባውም ሌላ ሌላ ቦታ ነው ያሉት። «እኔ ጋ ተከፍቷል» የሚሉ ደንበኞች አሉ። ብዙውን ጊዜ ያ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙ ቀድሞ ተጭኖ ስለነበር ነው።

ፖርተብሉን በዚፕ አወረድኩ። ዚፑን ከፍቼ ስነካው ይሠራል፤ በማግስቱ ግን ያስተካከልኩት ሁሉ የለም።

ይህን ስህተት በሳምንት ሁለት ሦስቴ እናየዋለን። ዚፕ የታሰረ ጥቅል ነው። ሳይፈቱት ከውስጡ ፕሮግራም ሲነኩ ዊንዶውስ ለጊዜው አንድ ኮፒ ቴምፕ ወደሚባለው ጊዜያዊ ፎልደር አውጥቶ ያንን ያስኬዳል፤ እርስዎም የሚያስተካክሉት ያንን ኮፒ ነው። አንዳንዴም ዋናው ፋይል ብቻውን ስለሚወጣ ጎረቤቶቹን አጥቶ «ፋይል ጎደለ» ይላል።

ዚፑ ላይ በቀኝ ይንኩና «ኤክስትራክት ኦል» ይበሉ። ከዚያ የተፈታውን ፎልደር ይክፈቱ፤ ዚፑን ከነጭራሹ ወደ ሌላ ቦታ ቢያነሱት ደግሞ በስህተት ተመልሰው አይገቡበትም። የተፈታውን ፎልደር ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አያስቀምጡት። እዚያ ለመጻፍ ዊንዶውስ ልዩ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ፖርተብሉ ማስተካከያውን ማስቀመጥ ይቸገራል። ዶክዩመንትስ ወይም ዲ ድራይቭ ይሻለዋል።

የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ፕሮግራም ስጭን ፓስዎርድ ይጠይቀኛል። በፖርተብል ማለፍ እችላለሁ?

በአብዛኛው አዎ፤ ፖርተብል ሬጅስትሪውንም ፕሮግራም ፋይልስንም ስለማይነካ የአስተዳዳሪ ፓስዎርድ አይጠይቅም። ግን ይህን የሚጠይቁኝን ሁሉ መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱን የአይቲ ባለሙያ እንዲያናግሩ እለምናለሁ። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ የሰው መሬት፣ የሰው ደመወዝ፣ የሰው ጉዳይ ተመዝግቧል። ፓስዎርዱ የተቀመጠው እርስዎን ለማስቸገር አይደለም። ባለሙያው ሲጠየቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጭንልዎታል።

ሌላ ሰውን የሚያሳስት ነገር አለ፦ ፓስዎርድ ሳይጠይቁ የሚጫኑ ፕሮግራሞች። ዙምና ቴሌግራም ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ አፕዳታ ውስጥ መጫን ይችላሉ። ፓስዎርድ ባይጠይቁም ፖርተብል አይደሉም፤ በሌላ ሰው ስም ሲገቡ አያገኟቸውም።

የትኞቹን ፕሮግራሞች ፖርተብል ማግኘት ይቻላል?

እኔ በኪሴ የማልለየው ፍላሽ ላይ ያሉትን ልንገርዎ፤ ሊብሬኦፊስ፣ ፋየርፎክስ፣ ቪኤልሲ፣ ፒዲኤፍ ለማንበብ ሱማትራ፣ ድምፅ ለመቁረጥ ኦዳሲቲ፣ ፎቶ ለማስተካከል ጊምፕ፣ ዚፕ ለመፍታት ሰቨን ዚፕ፣ ፓስዎርድ ለማስቀመጥ ኪፓስ። ሁሉም በነፃ የሚሰጡ፣ ኮፒ አድርጎ ለሰው ማካፈልም የተፈቀደባቸው ናቸው። ይህ ለእኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው። ሊብሬኦፊስ በመቶዎች ሜጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ ከሞላሌ የሚመጣ መምህር በራሱ ዳታ ከሚያወርድ እዚህ አንድ ጊዜ በፍላሽ ቢወስደውና ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ቢያካፍለው ገንዘቡም ጊዜውም ይተርፋል።

የግድ መጫን ያለባቸውስ?

ከዊንዶውስ ጋር በቅርበት የሚሠራ ሁሉ። የፕሪንተርና የስካነር ድራይቨር (ዊንዶውስ ከዕቃው ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም)፣ አንቲቫይረስ፣ የአማርኛ ኪቦርድ ፕሮግራም በዚህ ውስጥ ናቸው። ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት ፒችትሪም ከጀርባው ሁልጊዜ የሚሠራ የዳታቤዝ አገልግሎት ስላለው ፎልደሩን ኮፒ በማድረግ ብቻ አይከፈትም። የሒሳብ ሰነድዎን ወደ ሌላ ኮምፒውተር መውሰድ ከፈለጉ ከፒችትሪው ውስጥ ባክአፕ ይውሰዱ፣ አዲሱ ላይ ፒችትሪን ይጫኑ፣ ከዚያ «ሪስቶር» ያድርጉ።

ፍርዴን ከጠየቁኝ፣ በየቀኑ የሚሠሩበትን ዋና ፕሮግራም በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ። ፖርተብል የሚጠቅመው በሰው ኮምፒውተር ለሚሠራ፣ አልፎ አልፎ ለሚፈለግ ፕሮግራምና ለጥገና ነው።

ፖርተብል ይዤ ብሄድም አማርኛው ላይ ተቸገርኩ። ምን ላድርግ?

ሁለት ነገር ይለዩ፤ መጻፊያውና ፎንቱ። መጻፊያው፣ ማለትም እንደ ፓወር ግዕዝ ወይም ኪማን ያለው፣ ከዊንዶውስ ኪቦርድ ጋር ስለሚያያዝ መጫን አለበት። መጫን ካልተፈቀደልዎ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ እንዳለው ያስታውሱ፤ ሴቲንግስ ውስጥ ከቋንቋዎች ዝርዝር አማርኛን ይጨምራሉ። የፊደል አቀማመጡ ከለመዱት ሊለይብዎ ይችላል።

ፎንቱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያለቅሰው። በግንቦትና በሰኔ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለማሳተም ሲመጡ በየቀኑ ይኸው ነው። ባለፈው አንዲት ተማሪ ማደሪያ ክፍሏ 92 ገጽ የነበረ ጽሑፏን እዚህ ስትከፍተው 97 ሆነባት፤ ማውጫው የሚጠቁመው ገጽ ሁሉ ተዛባ፣ ሠንጠረዡ ለሁለት ተሰነጠቀ። ጽሑፉ የተሠራው በኒያላ ነበር። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ የነበረ ፎንት ነው፤ በዊንዶውስ 10 ግን ከፈለጉ ብቻ የሚጨመር ሆነ። የተከፈተበት ኮምፒውተር ስላልነበረው ዊንዶውስ ኢብሪማ በሚባል ሌላ ፎንት ተካው፣ የኢብሪማ ፊደል ደግሞ ስፋቱ ይለያል። መፍትሔው ከቤት ከመውጣት በፊት ወደ ፒዲኤፍ መቀየር ነው። ገና የሚታረም ከሆነ ደግሞ በወርድ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሴቭ» የሚለው ጋ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ እንዲቀመጥ ማዘዝ ይቻላል።

የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ከታየዎ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ጽሑፉ የተጻፈው በድሮዎቹ፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ መዝገብ) ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች ነው፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነውና ከዚያ በፊት የነበሩ ፕሮግራሞች የላቲኑን ቦታ ተውሰው ነበር የሚጽፉት። ያንን ለማንበብ ያው የጥንቱ ፎንት መጫን አለበት።

ከፍላሽ ሲከፈት ለምን ይንቀረፈፋል?

ፍላሽ ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን ማንበብና መጻፍ ይከብደዋል፤ እንደ ሊብሬኦፊስ ያለው ደግሞ ሲከፈት በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎችን ይነካል። ፎልደሩን ኮምፒውተሩ ላይ ኮፒ አድርገው ከዚያ ይክፈቱት። ሰማያዊ አፍ ያለው የዩኤስቢ 3 ፍላሽና መሰኪያ ካገኙም ልዩነቱ ይታያል።

በመሃል መብራት ቢጠፋ ፍላሼ ላይ ያለው ይበላሻል?

ሊበላሽ ይችላል። ፖርተብል ፕሮግራም ክፍት ሆኖ ሳለ ማስተካከያውን በየጊዜው ፍላሹ ላይ ይጽፋል፤ መብራቱ በጽሕፈት መሃል ከጠፋ ያ ፋይል ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል። ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ሲሠሩ ፕሮግራሙንም ሰነዱንም መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ያውርዱ፣ ሲጨርሱ ወደ ፍላሹ ይመልሱ፣ «ኢጀክት» ብለው ይንቀሉ። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ፍላሹ «ፎርማት ይደረግ?» ካለዎ እሺ አይበሉ፤ ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ የጠፋ ፋይል ፈልጎ በሚያወጣ ፕሮግራም ይገኛሉ፣ ፎርማት ካደረጉ በኋላ ግን ሥራው ይከብዳል።

ፍላሼ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀየረ። ፕሮግራሞቼ ጠፉ?

አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። ይህ ቫይረስ እውነተኛ ፎልደሮችዎን ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ሲነኩ ቫይረሱ ይነሳል፣ ፎልደሩም አብሮ ስለሚከፈት ሰው አይነቃም፤ እንዲህ እየሆነ ነው ከአንድ ካፌ ወደ መላው ከተማ የሚዛመተው። ማይክሮሶፍት ፍላሽ እንደተሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሳ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ከልክሏል፤ ቫይረሱ ወደ ሾርትከት የዞረው የእርስዎ ጣት እንድታስነሳው ነው።

ሾርትከቶቹን አይንኩ። በንጹሕ ኮምፒውተር በዊንዶውስ ዲፌንደር ያስፈትሹ፣ ከዚያ «ቪው» ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፣ ሰነዶችዎን ያውጡ፣ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ። አንድ ነገር ግን አደራ የምለው አለ፦ ሰነዶቹን ያትርፉ፣ ፖርተብል ፕሮግራሞቹን ግን አያትርፉ። እንደ ሳሊቲ ያሉ ቫይረሶች በፕሮግራም ፋይሎች ውስጥ ራሳቸውን ያስገባሉ፤ ፕሮግራሙ እንደድሮው ይከፈታል፣ ቫይረሱም አብሮ ይነሳል። ሥራዎ ያለው ሰነዱ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ እንደገና ይወርዳል።

ከጓደኛዬ «ፖርተብል ፎቶሾፕ» አገኘሁ። ልጠቀምበት?

አይጠቀሙበት። አዶቢ ፖርተብል ፎቶሾፕ አውጥቶ አያውቅም፤ እጅዎ የገባው ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ፈትቶ፣ ቁልፉን ሰብሮ፣ እንደገና ያሰረው ነው። ያ ሰው ሲያስር ምን እንደጨመረ እርስዎም እኔም አናይም። ከጥቅሉ ጋር «አንቲቫይረስህን አጥፋ» የሚል መመሪያ ካለ ደግሞ እዚያው ይቁም። ለመታወቂያ ፎቶ፣ ለሠርግ ጥሪና ለባነር ጊምፕ ይበቃል፤ እጅ እስኪለምድ ጥቂት ቀን ይፈልጋል እንጂ።

«ቪሲ ራንታይም 140 የለም» ወይም «ይህ አፕ እዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም» ይለኛል።

የመጀመሪያው ፖርተብሉ ስንቁን ሙሉ በሙሉ እንዳልያዘ ይነግርዎታል፤ የማይክሮሶፍትን ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጥቅል ይፈልጋል። ጥቅሉን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርደው ይጫኑ። የጎደለውን አንድ ፋይል ብቻ ከየትም ድረ ገጽ አውርዶ ማስገባት ግን በር ከፍቶ እንደመተኛት ነው።

ሁለተኛው ባለ 64 ቢት ፕሮግራም ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት ይመጣል። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁም ፖርተብል ዕድሜውን አያራዝመውም፤ ክሮም እዚያ ላይ ስሪት 109 ላይ ቆሟል።

ፖርተብል ፕሮግራም ዱካ አይተውም ይባላል። እውነት ነው?

ሙሉ በሙሉ አይደለም። ፕሮግራሙ ራሱ ቢጠነቀቅም ዊንዶውስ የተከፈቱ ፕሮግራሞችን፣ የቅርብ ጊዜ ሰነዶችንና ጊዜያዊ ፋይሎችን ይመዘግባል። በካፌ ኮምፒውተር የባንክ ሥራ ለመሥራት ፖርተብል ብሮውዘር መከለያ አይሆንዎትም፤ ኮምፒውተሩ የሚጻፈውን የሚቀዳ ቫይረስ ካለበት ከየትኛውም ብሮውዘር ይቀዳል።

ከዚህ የከፋው ግን ፍላሹ ራሱ ሲጠፋ ነው። ፖርተብል ቴሌግራም የሚጠቀም ሰው «ቲዳታ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ የገባበት ፈቃድ አብሮ ይቀመጣል። ያንን ፎልደር ኮፒ ያደረገ ሰው ስልክ ቁጥርም ኮድም ሳይጠየቅ አካውንትዎን ሊከፍት ይችላል። ቴሌግራሙ ላይ የአካባቢ ፓስኮድ ያድርጉበት። ፍላሹ ከጠፋ ደግሞ ወዲያው በስልክዎ ሴቲንግስ ውስጥ «ዲቫይስስ» ገብተው ያንን መስመር ይዝጉት።

አዲስ ስሪት ሲወጣ አሮጌውን ፎልደር ሰርዤ አዲሱን ብተካ ይሆናል?

እንዲህ በማድረግ ሰው በድያለሁ። ከመንዝ የሚመጡ አንድ መምህር በፍላሽ ላይ ያለ ፋየርፎክስ ነበራቸው፤ ሦስት ዓመት ያጠራቀሟቸው የድረ ገጽ ምልክቶችና ፓስዎርዶች እዚያ ነበሩ። አድስልኝ አሉኝ። እኔም አሮጌውን ፎልደር ሰርዤ፣ አዲሱን ኮፒ አድርጌ፣ «ተዘጋጅቷል ጋሼ» ብዬ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ተመልሰው መጡና ባዶውን ብሮውዘር አሳዩኝ። ከፍላሽ የተሰረዘ ሪሳይክል ቢን አይገባም፤ የጠፋ ፋይል በሚያወጣ ፕሮግራም ስፈልግም አዲሱ በአሮጌው ላይ ተጽፎበት ነበር። ከፊሉን ብቻ ነው የመለስኩላቸው። እሳቸው አልተቆጡም፣ እኔ ግን ዛሬም ይቆረቁረኛል።

የፖርተብል ዕቃዎ ሁሉ ፎልደሩ ውስጥ ነው፤ ፎልደሩን ሲሰርዙ አብሮ ይሄዳል። ከፖርተብልአፕስ የወረደ ከሆነ አዲሱን በአሮጌው ላይ እንዲያርፍ ያድርጉት፤ «ዳታ» የሚባለውን ፎልደር አይነካውም። በዚፕ የመጣ ከሆነ አዲሱን በሌላ ስም ፈትተው፣ የራስዎን ዳታ ወደሱ አሻግረው፣ ከፍተው አይተው፣ አሮጌውን ቢያንስ ለሳምንት ያቆዩት።

ኮምፒውተሬን ፎርማት ላስደርግ ነው። ፕሮግራሞቼን ዲ ድራይቭ ላይ ስለጫንኳቸው ይተርፉልኛል አይደል?

ፋይሎቹ ይተርፋሉ፣ ፕሮግራሞቹ ግን አብዛኞቹ አይሠሩም። ዲ ላይ ቢጭኗቸውም የተመዘገቡት ሲ ላይ ባለው ሬጅስትሪ ነው፤ ሲ ሲጠፋ ምዝገባው አብሮ ይጠፋል። እንደገና መጫን አለባቸው። ዲ ላይ ያስቀመጧቸው ፖርተብሎች ግን ከነማስተካከያቸው ይከፈታሉ።

ኮምፒውተሩን ይዘው ከመምጣትዎ በፊት «አፕስ» የሚለውን ከፍተው የተጫኑትን ዝርዝር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስና ዳውንሎድስ ሲ ላይ ስለሆኑ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጡት ፖርተብል ፎልደር ካለም አብሮ ይገልበጥ። የብሮውዘር ፓስዎርዶችና የፒችትሪ ባክአፕም አይረሱ። ጥገና ቤት ሲደርሱ ደግሞ «ሲን ብቻ ፎርማት አድርጉ፣ ዲን እንዳትነኩ» ብለው በቃልም በወረቀትም ይንገሩን።